የሩዝ እድገት በካሜራ፦ ከሐዋሳ ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ ዕትም ከሐዋሳ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉትን መርጠናል፤ የሩዝን እድገት ከቡቃያነቱ ጀምሮ በፎቶ እየለኩ፣ በዝርያዎች መካከል ልዩነት የሚያመጣውን ጂን መፈለግ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚጨነቁት ስለ ሶፍትዌሩ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ባልዲው፣ መብራቱና የተክሉ አቀማመጥ ነው። ልኬቱ ከተበላሸ የቱንም ያህል የተራቀቀ ስሌት ትክክለኛውን ጂን አያወጣም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። 200 የሩዝ ዝርያዎች ግሪን ሃውስ ውስጥ ዘርቼ እድገታቸውን በፎቶ ልከታተል አስቤያለሁ። ያለን አንድ መካከለኛ ካሜራ፣ ላፕቶፕና ጥቂት አምፖሎች ናቸው። ፎቶ ማንሻውን እንዴት ላዘጋጀው? ከላይ ብቻ ባነሳስ አይበቃኝም?

መልስ፦ ካሜራዎ ይበቃዎታል። ዉሃን የሚገኘው የኋዝሆንግ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 533 የሩዝ ዝርያዎችን የለካው ባልዲዎቹን በማጓጓዣ ቀበቶ ወደ ካሜራ እያመላለሰ ነበር። ቀበቶው ጉልበትና ጊዜ ይቆጥባል እንጂ ለልኬቱ ትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። የእርስዎን ባልዲዎች ሰው ተሸክሞ ቢያመላልሳቸውም ውጤቱ ያው ነው።

ከላይ ብቻ ማንሳት ግን ያሳስታል። ካሜራው ከባልዲው አፍ 200 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል እንበል። ቁመቱ 80 ሴ.ሜ የደረሰ ተክል ጫፉ ከሌንሱ የሚርቀው 120 ሴ.ሜ ብቻ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ያለ ቅጠል በባልዲው አፍ ደረጃ ካለ እኩያው ይልቅ በርዝመት 1.67፣ በስፋት 2.78 እጥፍ ሆኖ ይታያል። ረጃጅሞቹ ዝርያዎች ቅጠል ሳያበዙ ያበዙ ይመስላሉ፤ በመጨረሻም የቅጠል ስፋት ጂን ፈልገው የቁመት ጂን ይዘው ይወጣሉ።

ስለዚህ ከጎን ያንሱ። ተክሉን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ አስቀምጠው አንድ ፎቶ በ0፣ አንድ ደግሞ በ90 ዲግሪ ያንሱና የሁለቱን የአረንጓዴ ፒክስል ድምር ይውሰዱ። ካሜራውን 3 ሜትር ያርቁትና ሌንሱን በዙም ያቅርቡት። ከዚህ ርቀት 20 ሴ.ሜ ወደ ካሜራው ያዘነበለ ቅጠል በስፋት የሚጋነነው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ1 ሜትር ቢያነሱት ግን ስህተቱ ከ50 በመቶ ያልፋል።

ከተክሉ ጀርባ የማያብረቀርቅ ሰማያዊ ጨርቅ ይወጥሩ። ነጭም ይሆናል፤ ግን ነጭ ጨርቅ ላይ የቅጠሉ ጥላ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ የገረጣ ቅጠልም ከጀርባው ጋር ይመሳሰላል። የፀሐይ ብርሃን እንዳይገባ ዙሪያውን በጥቁር ሸራ ይጋርዱ። በሐዋሳ ሰማይ ደመናና ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈራረቃሉ፤ በመስኮት በሚገባ ብርሃን የተነሱ ፎቶዎች እርስ በርስ አይነጻጸሩም። ሁለት የኤልኢዲ መብራቶችን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ያቁሙ።

ካሜራውን በማኑዋል ያድርጉት፤ ቀዳዳው ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 200 ቢሆን ጥሩ ነው። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ሴኮንድ ያድርጉ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ በመሆኑ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ1/500 ቢያነሱ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ደብዛዛ ይወጣል፤ በ1/50 ግን እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ሙሉ ርግብግቢት ስለሚይዝ ብርሃኑ እኩል ይሆናል። ቀዳዳው በዚህ ፍጥነት በቂ ብርሃን ካላስገባ መብራት ይጨምሩ እንጂ ፍጥነቱን አይንኩት። ዋይት ባላንሱን አንድ ጊዜ ያስተካክሉና ይቆልፉት፣ ፎከሱንም በቴፕ ይለጥፉት። የቀለም ካርድና ማስመሪያ በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ መኖር አለባቸው። የሚቆሙትም ግንዱ ባለበት ርቀት ላይ ነው፤ ጀርባው ጨርቅ ላይ ከተለጠፉ ልኬቱን ያሳንሱታል። የማስመሪያው 10 ሴ.ሜ 400 ፒክስል ከያዘ፣ 160,000 ፒክስል ማለት 100 ካሬ ሴ.ሜ ነው።

ባልዲው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቢቻል ሰማያዊ ይሁን። 4 ኪሎ ተነፍቶ የተደባለቀ አፈር ይሙሉና ለአንድ ኪሎ አፈር 100 ሚሊግራም ናይትሮጅን ያስቡ፤ ይህም ለአንድ ባልዲ 0.87 ግራም ዩሪያ ነው። በማንኪያ አይስፈሩት። ማዳበሪያውን በውሃ አሟሙተው በመርፌ ወይም በመስፈሪያ ብርጭቆ ለሁሉም እኩል ያድርሱ፤ ጥቂት የዩሪያ ፍሬዎች ልዩነት እንኳ በቡቃያው ላይ ይታያል። አዲስ የታጨደ ዘር ከሆነ እንቅልፉ እንዲለቀው በ50 ዲግሪ ለ5 ቀን ያቆዩት፣ 24 ሰዓት ይዘፍዝፉትና ከበቀለ በኋላ 3 ፍሬ ዘርተው በ14ኛው ቀን አንዱን ብቻ ያስቀሩ።

የጊዜ ሰሌዳውን አስቀድመው ያስሉት። 200 ዝርያ በ3 ድግግሞሽ 600 ባልዲ ነው። ለአንድ ባልዲ 40 ሴኮንድ ቢፈጅ ሁሉንም ለማንሳት ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅጠሉ ጠባዩን ይቀይራል። የሚሻለው እያንዳንዱን ድግግሞሽ ራሱን የቻለ ብሎክ አድርጎ፣ ሦስቱን በአንድ አንድ ቀን ልዩነት መዝራት ነው። በየቀኑ አንድ ብሎክ፣ ማለትም 200 ባልዲ፣ በ2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጠናቀቃል። እያንዳንዱ ተክልም በተመሳሳይ ዕድሜው፣ በየ3 ቀኑ ይነሳል። ከተዘራ ከ18ኛው እስከ 51ኛው ቀን ድረስ 12 ዙር ይሆንልዎታል፤ ቲለር የሚባለው የጎን ቡቃያ የሚበዛውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ በታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ለአንድ ተመራማሪ ወዳጄ ከፎቶ ላይ የቅጠል ስፋት የሚያወጣ የፓይተን ኮድ ጻፍኩለት። አንዳንዱ ተክል እያደገ እያለ ስፋቱ ቀነሰ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በ3 ቀን እጥፍ ይሆናል። ስህተቱ ከኮዱ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ ከኮዱ አይደለም። መጀመሪያ የፎቶዎቹን ሰዓት ይመልከቱ። የሩዝ ቅጠል ውሃ ሲያጥረው ከዳርና ከዳር ወደ መሐል ይጠቀለላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣት ያህል ሰፍቶ የነበረው ቅጠል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንደ መርፌ ቀጥኖ ይታያል፤ ማታ ተመልሶ ይዘረጋል። ተክሉ አልቀነሰም፤ የታየው ጎኑ ነው የቀነሰው። ፎቶው ሁልጊዜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳ፤ ባልዲዎቹም የሚጠጡት በዋዜማው ማታ ይሁን። በድርቅ ሙከራ ላይ ደግሞ መጠቅለሉ ራሱ ጠቃሚ መረጃ ስለሆነ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንስቶ የሁለቱን ሬሾ እንደ ሌላ ባሕርይ መመዝገብ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ቢጫ ቅጠል ነው። የአረንጓዴውን ዋጋ በ2 አባዝቶ ቀዩንና ሰማያዊውን የሚቀንሰው የተለመደው ቀመር የገረጣውን ቅጠል ሊጥለው ይችላል። በኦፕን ሲቪ (የምስል ማቀነባበሪያ የኮድ ስብስብ) የሚሠሩ ከሆነ ምስሉን የቀለም ዓይነትን ከድምቀቱ ለይቶ ወደሚያስቀምጠው ኤችኤስቪ ይቀይሩ። እዚያ የቀለም ዓይነት ከ0 እስከ 179 ይለካል፤ አረንጓዴው ከ35 እስከ 85፣ ቢጫው ከ20 እስከ 35 ገደማ ነው። ከ20 እስከ 85 ያለውን ቢወስዱ ሁለቱም ይያዛሉ። ሰማያዊው ጨርቅና ባልዲ ከ100 በላይ ስለሆኑ አይደባለቁም። ቢጫውን ለብቻው ቆጥረው መመዝገብዎም ለወዳጅዎ የናይትሮጅን ወይም የብረት እጥረትን ቀድሞ ይነግረዋል። በስምጥ ሸለቆ ባይካርቦኔት የሚበዛበት ውሃ የተለመደ ነው። ውሃ ሳይቋጥር በሚያድግ ሩዝ ላይ ሲደጋገም የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያደርግና አዲሶቹ ቅጠሎች በደም ሥሮቻቸው መካከል እንዲገረጡ ያደርጋል። ቢጫነቱ ከአዲሶቹ ቅጠሎች ከጀመረ ውሃውን ያስመርምሩ፤ ከአሮጌዎቹ ከጀመረ ግን ናይትሮጅን ይጠርጥሩ።

በ3 ቀን እጥፍ የሆነውን በዕድሜው ይመዝኑት። እድገቱ በቀን ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱን ስፋቶች የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ልዩነት ለቀናት ብዛት ያካፍሉ። ከ20,000 ፒክስል ወደ 45,000 በ5 ቀን የደረሰ ተክል በቀን 0.16 ነው። በ3 ቀን እጥፍ መሆን 0.23 ሲሆን፣ ለለጋ ቡቃያ ሊሆን ይችላል፤ 40 ቀን ላለፈው ተክል ግን አይታመንም። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አልጌ ነው። ማዳበሪያ በተቀበለ እርጥብ አፈር ላይ አረንጓዴ ሽፋን ይበቅልና ኮዱ ቅጠል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። መፍትሔው በኮድ ሳይሆን በእጅ ነው፤ መሐሉ የተበሳ ክብ ሰማያዊ ፕላስቲክ አፈሩ ላይ ማልበስ። ብርሃን ስለሚከለክል አልጌው አይበቅልም።

ከ200 ፒክስል በታች የሆኑ ነጠብጣቦችን ማጥፋት ይቻላል፤ ሆኖም ቀጫጭን ቅጠሎች ተቆራርጠው ስለሚወጡ መጀመሪያ በ3 በ3 ፒክስል ማገናኛ ያገናኟቸው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የቡቃያው ጫፎች ይጠፋሉ። ፕላንት ሲቪ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር እነዚህን ሁሉ ስላዘጋጀ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ግን እንለምናለን፤ በዕጣ የተመረጡ 50 ፎቶዎች ላይ ኮዱ ያወጣውን ዳር ዳር በቀይ መስመር ስለው በዓይንዎ ይመልከቱት። ከዚያም 30 ተክሎች ተቆርጠው በ70 ዲግሪ ለ72 ሰዓት ደርቀው ይመዘኑና ከፎቶው ጋር ይነጻጸሩ። የሚቆረጡት ትንሹንም ትልቁንም፣ ቀጥ ያለውንም የተዘረጋውንም ማካተት አለባቸው። ዝምድናው በአር ስኩዌር (ሁለቱ ልኬቶች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ከ0 እስከ 1 በሚያሳየው ቁጥር) 0.85 ካልደረሰ ወደ ጂን ፍለጋ መሄድ ልፋት ማባከን ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ማዳቀል ተማሪ ነኝ። እያንዳንዱ ተክል ብዙ ጊዜ ስለሚነሳ ድግግሞሽ አያስፈልግህም፣ አንድ ዝርያ በአንድ ባልዲ ይበቃል ተባልኩ። እውነት ነው? ደግሞስ የእድገት ኩርባ ወደ ጂን የሚቀየረው እንዴት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ይህን ምክር አጥብቀን እንቃወማለን። አንድ ባልዲ በር አጠገብ ቆሞ ቀዝቃዛ ነፋስ ቢመታው 12ቱም ፎቶዎች ያንኑ ቅዝቃዜ ይዘው ይመጣሉ። የካሜራውን ስህተት ይቀንሱልህ እንደሆን እንጂ የባልዲውን አይቀንሱም። የዝርያ ልዩነት 40፣ የባልዲ ልዩነት 60 ቢሆን፣ በአንድ ባልዲ የውርስ ድርሻው፣ ማለትም ከጠቅላላው ልዩነት ከዝርያው የሚመጣው ክፍል፣ 0.40 ነው። በ3 ባልዲ 60ው ለ3 ስለሚካፈል 0.67፣ በ5 ደግሞ 0.77 ይደርሳል። ከ1 ወደ 3 ያለው ዝላይ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቦታ ካለህ ዝርያ መጨመር ይሻላል። ቦታ ከጠበበህ ከፊሉን ዝርያ ብቻ ደግመህ፣ ኔሪካ-4ንና ኤክስ-ጅግናን የመሰሉ ማነጻጸሪያ ዝርያዎች በየብሎኩ ብዙ ቦታ ላይ አስገባ። ባልዲዎቹ በብሎኩ ውስጥ በዕጣ ይደልደሉ፤ በዝርያ ቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር ጠርዙን ከመሐሉ ጋር ያምታታል።

ወደ ጂኑ ስንመጣ፣ የእያንዳንዱን ተክል 12 ነጥቦች በኪዩቢክ ስፕላይን ለስላሳ ኩርባ ታደርጋለህ። ከኩርባው ላይ በየጊዜ ክፍሉ ያለውን የእድገት ፍጥነት ታወጣና እያንዳንዱን እንደ አንድ ባሕርይ ትወስደዋለህ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ኢንዲካና አውስ ከሚባሉት የሩዝ ቡድኖች በጠቅላላው 553 ዝርያዎችን ጨው ውስጥ አሳድጎ ይህንኑ አደረገ። ጊዜውን በአራት ከፍሎ፣ ተክሉ በጠጣው ውሃ ልክ ምን ያህል እንዳደገ ሲመለከት ከዚያ በፊት ያልታወቁ ቦታዎችን ክሮሞዞም 11 ላይ አገኘ። የመጨረሻውን ቀን ክብደት ብቻ የሚመዝን ሰው ቶሎ ጀምሮ የዘገየውንና ዘግይቶ የፈጠነውን ለይቶ ማየት አይችልም፤ ሁለቱ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጂዋስ ነው፤ በየዝርያው ያለውን የዲኤንኤ ልዩነት ነጥብ በነጥብ ከተለካው ባሕርይ ጋር የሚያመሳክር ስሌት። ታሰል ወይም ጋፒት የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይሠሩልሃል። ከ5 በመቶ በታች በሆኑ ዝርያዎች ብቻ የሚገኙ ልዩነቶችን አስወግድ። ኢንዲካና ጃፖኒካ የሚባሉት ዋና ዋና የሩዝ ቡድኖች በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች ስለሚለያዩ፣ የዝምድና ማትሪክስ (ዝርያዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚዛመዱ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) እና የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ዋና ክፍሎች (የዝርያዎቹን በቡድን መከፋፈል የሚያጠቃልሉ ቁጥሮች) ስሌቱ ውስጥ ካልገቡ ግማሹ ጂኖም፣ ማለትም የተክሉ ሙሉ ዲኤንኤ፣ ተዛማጅ ሆኖ ይወጣል። 44,000 ነጥቦች ካሉህ የመታመኛው ወሰን 0.05 ለ44,000 ሲካፈል ነው፤ በሎጋሪዝም በሚሳለው የውጤት ግራፍ ላይ 5.9 ገደማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ክሮሞዞም 1 ላይ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ በጣም ከፍ ያለ ምልክት አገኘን። አዲስ ጂን ነው ብለን እንጻፍ?

መልስ፦ ቦታውን አጣሩ። 38.4 ሚሊዮን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ ከሆነ ኤስዲ1 ነው፤ የጂበረሊን ሆርሞን መሥሪያውን አዳክሞ ሩዝን የሚያሳጥረው ጂን። በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው አይአር8 የተባለው ዝርያ አጭር ግንድ የነበረው በዚሁ ጂን ምክንያት ነው። አዲስ ባይሆንም መልካም ዜና ነው፤ ካሜራችሁ፣ የዘር መለያችሁና ስሌታችሁ በትክክል እንደሠሩ ይመሰክራል። የቁመት ልዩነት ባለበት ስብስብ ውስጥ ኤስዲ1 ጨርሶ ካልታየ ግን መለያ ካርዶቹ ተቀያይረው እንዳይሆን ፈትሹ። ቁመቱን እንደ ተጓዳኝ መለኪያ አስገብታችሁ ስሌቱን ድገሙትና ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ምልክት ተመልከቱ። በሩዝ ውስጥ አንድ ምልክት ከ100 እስከ 200 ሺህ ቤዝ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሚሸፍንና በዚያ ውስጥ ብዙ ጂኖች ስለሚኖሩ፣ ከፍተኛውን ነጥብ የያዘው ጂን ተጠያቂው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ጥያቄ፦ የዲኤንኤ ምርመራው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። ያለ እሱ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። የ3,000 ያህል የሩዝ ዝርያዎች ሙሉ ጂኖም ተነቦ መረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ዘሩን ፊሊፒንስ ካለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም መጠየቅ ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር ነው። ጂኖማቸው የተነበበው ከአንድ ዘር ተለይተው የጠሩ መስመሮች ስለሆኑ የራሳቸው የጂን ባንክ ቁጥር አላቸው። በምንጩ ዝርያ ቁጥር ካዘዛችሁ ስሙ ያው ሆኖ ዘሩ የተለየ ሊሆን ይችላል። ለማስገባት የኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ዝርያ ዘር ወይም ቅጠል ለምርመራ ወደ ውጭ ከመላክ በፊት ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ሐዋሳ ግሪን ሃውስ ውስጥ የተለካ ሩዝ ለፎገራና ለጉራፈርዳ ገበሬ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ቶሎ መሬቱን የሚሸፍን ዝርያ አረምን ያፍናል፤ በዝናብ ለሚመረት ሩዝ አረም ከባዱ ወጪ ነው። ይህ ባሕርይ በፎቶ በደንብ ይለካል። የአበባ ጊዜ ግን እዚህ ከተለካ በኋላ እዚያው መረጋገጥ አለበት። ሩዝ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው፤ በሐዋሳ ኬክሮስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ከሩቅ ሰሜን የመጡ ዝርያዎች ገና ሳይፋፉ ሊያብቡ ይችላሉ። ያበበ ተክል ቅጠል ማውጣት ያቆማል፤ ከእድገት ኩርባው ላይ ካልተለየ ደካማ ተብሎ ይመዘገባል። የሐዋሳ ሌሊትም ይቀዘቅዛል፤ ዛላው ግንዱ ውስጥ ባለበት ጊዜ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፍሬው ባዶ ይቀራል። ከፍታዋ ከፎገራ ብዙ ስለማይርቅ ግን ብርድ የሚችሉትን ለመለየት ሐዋሳ ጥሩ ቦታ ናት።

ጥያቄ፦ ፎቶዎቻችን ተደበላለቁብን። ካሜራው አንድ ቀን ይላል፣ መዝገባችን ሌላ ቀን ይላል። እንዴት እናስተካክለው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ መንስኤው ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር መቀላቀሉ ነው። ካሜራው 8 ሰዓት ሲል መዝገቡ 2 ሰዓት ይላል፤ ወሩም ቀኑም ይለያያል። በፋይሉ ስም ላይ ቀን አትጻፉ፤ ከተዘራ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጻፉ። የባልዲ ቁጥር፣ የብሎክ ቁጥር፣ ከዘር በኋላ ያለው ቀን፣ የተነሳበት ማዕዘን፤ በዚህ ቅደም ተከተል። በእያንዳንዱ ባልዲ ላይ ውሃ የማይገባው የኪውአር ካርድ ይለጠፍና ፎቶው ውስጥ ይታይ፤ ኮዱ ራሱ አንብቦ ፋይሉን ይሰይማል። አሁን የተደበላለቁትን ለመለየት ደግሞ በየዕለቱ የመጀመሪያውን ፎቶ ፈልጉና የካሜራውን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ከሆነ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል። ልዩነቱ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ ከሆነ የካሜራው ባትሪ ሲወጣ ሰዓቱ ወደ መነሻው ተመልሷል ማለት ስለሆነ፣ እነዚያን ቀናት በተክሉ መጠን ሳትገምቱ ከስሌቱ አውጧቸው።